ባዶ የማይመለስ ቆርቆሮ

የብስኩት ቆርቆሮ ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ያ ሰማያዊው፣ ክቡ፣ ብስኩቱ ካለቀ በኋላ በየሰው ቤት ክርና መርፌ የሚቀመጥበት። ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ "ቆርቆሮ ምን አደረገሽ?" እያለ ይስቅብኛል። ቆርቆሮው ምንም አላደረገኝም። ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ ደሜን የሚያፈላውም እሱ ነው።

የምኖረው ሶዶ ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ አራት ተከራይ ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ባዮሎጂ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ የምታንገበግበኝ እሷ ናት። ባክቴሪያ በዓይን እንደማይታይ፣ ግን በእጅ፣ በፎጣ፣ በልብስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄድ ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ተማሪ ሲሳሳት ቀይ እስክሪብቶ አለኝ። እኔን ግን የሚያርመኝ አልነበረም።

እኛ ዘንድ ዕቃ ባዶ አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ሙቹዋ ልካልሽ፣ ያንን ቅቤ የጠጣ የእንሰት ምግብ ጠግበሽ በልተሽ፣ ሳህኑን አጥበሽ ባዶውን ብትመልሺ፣ "ከእንግዲህ አትላኪልኝ" ያልሽ ያህል ነው። ሁለት አቮካዶም ቢሆን፣ እፍኝ ቆሎም ቢሆን፣ በብርጭቆ የበርበሬ ዳጣም ቢሆን የሆነ ነገር ይዞ ይመለሳል። ልጅ ሆነን የተማርነው ነው፣ ክፋትም የለበትም። ደግሞም ደስ ይላል።

ከእኔ በር አሥር እርምጃ ራቅ ብላ የምትኖር ወጣት ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ በር ላይ ሙዝና አቮካዶ ትሸጣለች። እንደ ሁሉም ሰው "ቲቸር" ነው የምትለኝ። አንድ ቀን በዚያ ሰማያዊ ቆርቆሮ ቆሎ ሞልቼ ላክሁላት። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፣ ቆርቆሮው አልመጣም። እኔም ረሳሁት። በኋላ ልብስ ሳሰጣ አንገቷን ደፍታ ይዛው መጣች። "ቲቸር፣ ባዶ ልመልሰው አፈርኩ" አለችኝ። ክዳኑን ስከፍት ግማሹ ያለቀ የዓይን ቅባት ተኝቶበታል። "ተርፎ ነው። ልጅሽን ዓይኗን ካመማት ይሆናል።"

ሳቅሁ። ስቄም አልቀረሁም፣ ወደድኩት። ቆርቆሮውን መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በላይኛው ቤት ያለችው ሴትዮ ከልጇ ጉሮሮ የተረፈ ግማሽ እሽግ ካፕሱል አመጣች። ሌላዋ የሆድ ክኒን አመጣች። እኔም ከሁሉም የተማርኩ ስለሆንኩ በዓይነት በዓይነቱ ለይቼ፣ ትንንሽ ወረቀት ቆራርጬ "ለዓይን"፣ "ለቁስል"፣ "ለሆድ" እያልኩ ጻፍኩበት። አንድ ሰው አመመኝ ሲል "ቲቸር ቤት ቆርቆሮ አለ" ይባል ጀመር። እኔ ደግሞ ስሰማው ደረቴ ነፋ ይላል። የማንም ሐኪም እጅ ያልነካው የሐኪም ቤት ከፍቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዲምቱ እናቴ ዘንድ ሰደድኳት። ዲምቱ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ትንኙ፣ ማከኩ። ስትመለስ ከአፍንጫዋ ሥር ቁስል ይዛ መጣች፤ እርጥብ፣ ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያለበት። እናቴ "ምች መትቷት ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታላታለች፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቅቤ። ስልክ ደውዬ ተቆጣሁ። "እማዬ፣ ይሄ ምች አይደለም፣ ጀርም ነው፣ ቅቤ ምን ያደርግለታል?" አልኳት። እናቴ መቼ ትበገራለች፣ "አንቺን በምን ያሳደግሁሽ መሰለሽ?" አለችና ዘጋችብኝ። እኔም ስልኩን ይዤ ስለ ድንቁርና ለባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ሌክቸር ሰጠሁ። ያን ሌክቸር ዛሬ ሳስበው አፈር ብዪ የሚያሰኝ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያየችን ነርስ ጠና ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቅባት አዘዘችና በቀጥታ ዓይኔን እያየች ተናገረች። "መጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥቢዋለሽ። ቅርፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰሽ ሲለቅ ታነሺዋለሽ፣ በጥፍር እንዳትፍቂው። ቅርፊቱ ላይ የተቀባ ቁስሉ ጋ አይደርስም። እጅሽን ታጥበሽ ስስ አድርገሽ ትቀቢያለሽ፣ ስትጨርሺም ትታጠቢያለሽ። የቅባቱን አፍ ቁስሉ ላይ እንዳታስነኪ። ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን።"

"እሺ" አልኳት።

"ቢደርቅም ሰባት ቀን። በሦስት ቀን ካልተሻላት፣ ወይ ከሰፋ፣ ወይ ካተኮሳት ትመለሻለሽ፤ ያኔ ቅባት ብቻውን አይበቃትም። ፎጣዋን ለይ። እስኪሻላት ጨቅላ ሕፃን አጠገብ እንዳትደርስ። ይሄ ቅባት ደግሞ የሷ ነው፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።"

ይሄ ሁሉ ትእዛዝ ከበደኝና "አስተማሪ ነኝ፣ አውቃለሁ" አልኳት።

"አስተማሪዎች ናችሁ የምታስቸግሩን" አለችና ቀጣዩን ተረኛ ጠራች።

ተናድጄ ወጣሁ። ሰው እንዴት ለተማረ ሰው እንደዚህ ይናገራል እያልኩ እስከ ቤቴ አጉረመረምኩ። ሦስት ቀን ግን እንዳለችው አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን የልጄ ፊት እንደ መስታወት ጠራ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ረፍዶብኝ ዘለልኩት። ማታ ሳያት ምንም የለባትም፣ ተውኩት። ቅባቱ ገና ከግማሽ በላይ አለ። ይሄን መጣል ጡር ነው አልኩ። አፉን በጨርቅ ጠርጌ ቆርቆሮው ውስጥ "ለቁስል" ከሚለው ወረቀት ጋር አስቀመጥኩት። እንደዚያ ሳደርግ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት በላይኛው ቤት ያለችው ሴትዮ ልጇ እግሩን ጠርሙስ ቆረጠው ብላ መጣች፣ ቅባቱን ሰጠኋት። ስታደርግለት ቆሜ አይቻለሁ። አፉን ቁስሉ ላይ ተክላ ጨመቀችው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና። ምንም አላልኳትም። ምን ልበላት፣ ሰው ፊት ማሳፈር ሆነብኝ። ስትመልስልኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ወደ ቆርቆሮው።

አሁን ወደ ሕፃኑ ልምጣ። ባለ አቮካዶዋ ጎረቤቴ ሦስት ዓመት ጠብቃ፣ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት፣ ወንድ ልጅ ከወለደች ሁለት ወር ገደማ ሆኗታል። ግቢው በሙሉ የሱ ነው። ሲያለቅስ አራት በር ይከፈታል። ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ እሱ ጋ ነው የምትሮጠው። አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ከትታ ትስመዋለች፣ "ወተት ወተት ይሸታል" ትላለች። ጨቅላ ሕፃን አጠገብ እንዳትደርስ ተብዬ ነበር። ፊቷ ጠርቶ የለ፣ ምን ይሆናል አልኩ።

አንድ ቅዳሜ፣ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመች። "ቲቸር፣ ልጄ አንገቱ ላይ ውኃ የቋጠረች ነገር ወጣችበት።" ቀና አላልኩም፣ ቀዩ እስክሪብቶ በእጄ ነው። "ልጄ ላይ የወጣው ዓይነት ነው?" አልኳት። "እሱን መሰለኝ።" እጄን ዘርግቼ ቆርቆሮውን አወረድኩ፣ ቅባቱን ሰጠኋት። "ትንሽ ትንሽ ቀቢው። ሲደርቅ ተዪው" አልኳት።

ሲደርቅ ተዪው። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። የቤቷ በር አሥር እርምጃ ነው፣ ብድግ ብዬ ልጁን አላየሁትም። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን እንደ ስድስት ዓመት ልጅ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣበት ቅባት አይፈለግም፣ ሐኪም ነው የሚፈለገው። ይሄን እንኳን ባዮሎጂ የተማረ፣ እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። አምስት ወረቀት ነበር የቀረኝ። አምስቱን ለመጨረስ ብዬ ነው።

ጎረቤቴም እንዳልኳት አደረገች። ሳታጥብ ቅርፊቱ ላይ ቀባችው። ሰኞ ደረቀ፣ ተወችው። ረቡዕ ብብቱ ሥር ወጣ፣ ቀባችው። ደረቀ፣ ተወችው። በየቀኑ ገመዱ ላይ ልብስ ስናሰጣ "ልጁ እንዴት ነው?" እላታለሁ። "ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን" ትለኛለች። ምን ትበለኝ? ያንቺ መድኃኒት አልሠራም ትበለኝ? አፏን ቆርጠው ቢጥሉት እንዲህ አትለኝም። ያ ይሉኝታዋ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አውቀዋለሁ፣ እኔም በላይኛዋ ሴትዮ ላይ ያደረግሁት እሱኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው፣ ደግሞ እኛው ለመደበቅ የሚደርስብን የለም።

በቀጣዩ ሳምንት እሁድ፣ ቅባቱን ከሰጠኋት በስምንተኛው ቀን፣ ለቤተክርስቲያን ልብሳችንን ለብሰን ልጄን ሳያት ከአፍንጫዋ ሥር ያ ማር የመሰለ ነገር ተመልሷል። ወደ ቆርቆሮው ሄድኩ። ቅባቱ የለም፣ ጎረቤቴ ጋ ነው። ሄጄ አንኳኳሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ልጇን ለማየት አልነበረም። ቅባቴን ላመጣ ነው የሄድኩት።

አልጋው ላይ ተኝቷል። አያለቅስም። ሲያለቅስ አራት በር የሚከፈትለት ልጅ ያን ጠዋት ድምፅ አልነበረውም። ልብሱን ገለጥኩት። ከአንገቱ እስከ እንብርቱ ቀልቷል፣ ውኃ የቋጠሩት ፈንድተው ቆዳው ተልጧል፣ እጄን ሳስቀምጥበት እንደ ምጣድ ይፋጃል። "ጡት ይዟል?" አልኳት። "ከትናንት ጀምሮ እምቢ አለኝ" አለች። "ከትናንት ጀምሮ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ ላይ ጮህኩ። ባሏ ባጃጁን አስነሳ፣ እሷ ልጁን ታቅፋ፣ እኔ ቅባቱን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሆስፒታል ሄድን።

ያየን ሐኪም ወጣት ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ በአማርኛ ነው የሚጠይቀው። እኛ ግቢ ውስጥ የምንነጋገረው በቋንቋችን በወላይታቶ ነው፤ የሷ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው፣ አንተና አንቺ የሚደባለቅበት። "ምን ቀባችሁት?" አላት።

"ምንም።"

"ምንም?" አለ። ቆዳው ላይ ነጭ ነገር ይታያል።

"ቅባት። ከሱቅ ገዛን።"

"የምን ቅባት? ስንት ቀን ቀባችሁት?"

"ስሙ አላውቅም። ሁለት ቀን።"

ስምንት ቀን ነው። ስሙም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የነገረችውን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣ። እሷ ወደ እኔ ዞር አለችና በወላይታቶ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "ቲቸር፣ አንቺ ዝም በዪ። ስምሽ እንዳይጠፋ" አለችኝ።

እንዲያ የተናደድኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። ልጇ እጇ ላይ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ የኔን ስም ትጠብቅልኛለች። ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ልጅ ለኔ ይሉኝታ ታስይዛለች። ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ብዙ አይደለም፣ ሐኪሙ "ሁለት ቀን" ብሎ እስኪጽፍ ድረስ። ዝም ስል ቀለል አለኝ። ያ የቀለለኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "እኔ ነኝ የሰጠኋት" አልኩ። "ለልጄ የታዘዘ ነው። ሦስት ቀን ቀብቼላት ተውኩት። ከዚያ ሌላ ልጅ ቁስል ላይ ውሏል። ከዚያ ለዚህ ልጅ ሰጠሁ። ስምንት ቀን ሆኖታል፣ ሲደርቅ እየተወች፣ ሲወጣ እየቀባች። እንደዚያ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄም እንደገና ቆስላለች፣ በየቀኑ ትስመው ነበር።"

ሐኪሙ ቅባቱን አገላብጦ አየ። ከዚያ እኔን አየ። "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አስተማሪ።"

"የምን?"

"የባዮሎጂ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጻፈውን ሰርዞ እንደ አዲስ ጻፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን፦ ሕፃኑ ሲያተኩሰውና ቁስሉ ሲሰፋ ቅባት ምንም እንደማያደርግ፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው። አንድ ቅባት እየተቀባ እየተተወ ሲቆይ ጀርሙ ይለምደውና በኋላ ያው መድኃኒት አልሠራ ሊል እንደሚችል። "ይህን ባላውቅ ያንኑ ዓይነት ልጀምርለት ነበር" አለ። ጎረቤቴ ሁሉንም አልገባትም። በወላይታቶ ተረጎምኩላት፣ አንዲት ቃል ሳልዘል። ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር አስተምሬያለሁ፣ እንደዚያ የከበደኝ ትምህርት የለም።

ልጁ ስድስት ቀን ተኛ። በትንሿ እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ መርፌው እንዳይነቀል በካርቶን ታስሮ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሐኪሞቹ ስንጠይቃቸው "እናያለን" ነበር የሚሉት። ጎረቤቶች መጡ፣ የቤተክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ ጸለዩ። አንዲት እናት "እግዚአብሔር የወደደውን ነው የሚፈትነው፣ ፈቃዱ ነው" አለች። መቻል አቃተኝ። "እግዚአብሔርን ለቀቅ አድርጉት፣ እኔ ነኝ" አልኩ፣ በሰው መሐል። ጎረቤቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና "ቲቸር ደክሟት ነው" አለቻቸው። ደግሞ ሸፈነችልኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው።

ልጄን ወደዚያች ነርስ መልሼ ወሰድኳት። አወቀችን። "ስንት ቀን ቀባሻት?" አለች፣ መልሱን እያወቀች። "ሦስት።" "ሰባት ማለት በእናንተ ትምህርት ቤት ሦስት ነው?" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። በዚህኛው ዙር ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረግሁ ሰባቱን ጨረስኩ። ቆርቆሮውን ፋርማሲ ወስጄ ውስጡን በሙሉ ባለሙያዋ ፊት ገለበጥኩ፣ የማስወገጃውን መንገድ እሷ ታውቃለች። ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነበር። "ለዓይን" የሚለውን የራሴን ጽሕፈት ሳየው ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በሰባተኛው ቀን ልጁ ወጣ። እየጮኸ ነው የወጣው፣ አራቱም በር ተከፈተ። ቆርቆሮውን በፈላ ውኃ አጥቤ፣ ሁለት ሳሙናና ከአሮጌ አንሶላ የቆረጥኳቸውን ለስላሳ ጨርቆች ሞልቼ ይዤላት ሄድኩ። ሐኪሙ ለቀሩት ጥቂት ቁስሎች አዲስ ቅባት አዞለት ነበር፤ ሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አስረዳኋት። "ገባሽ?" አልኳት። "ገባኝ፣ ቲቸር" አለች።

በአራተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስገባ፣ ቆርቆሮው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ተመልሷል። ልጄ "የሕፃኑ እናት አመጣችው፣ ባዶ አይደለም" አለችኝ። ክዳኑን ከፈትኩ። ቅባቱ ነው። ከሥሩ ጀምሮ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ከግማሽ በላይ ሳይነካ።

በሯ ላይ ስደርስ እሷ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። "ደርቋል፣ ጌታ ይመስገን" አለች። "ለልጅሽ ብዬ አተረፍኩላት።"

አፌን ከፈትኩ። የምትባለውን ሁሉ ልላት ነበር። ስድስት ቀን መርፌ፣ "እናያለን" እየተባልሽ፣ ልጅሽ እጅሽ ላይ እየሄደ፣ አሁንም? ግን ተውኩት፣ ምክንያቱም የያዘችው የማን ቃል እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሲደርቅ ተዪው። ሐኪሙ በአማርኛ የነገራት፣ እኔም በኋላ የደገምኩላት ሌላ ነው፣ ቲቸር ያን ቅዳሜ ቀና ሳትል የነገረቻት ሌላ ነው፤ ያመነችው የቅዳሜዋን ቲቸር ነው። ከኔ ነው የተማረችው። ከተማሪዎቼ ሁሉ እንደሷ ትምህርቴን በሚገባ የያዘልኝ የለም።

"ልጁን አምጪው" አልኳት። ቧንቧው ጋ ሄጄ በሳሙና እጄን ታጠብኩ። ብብቱን ገለጥኩት፤ ከላይ ደርቋል፣ ሥሩ ገና ቀይ ነው። አሳየኋት፣ ጣቷን ይዤ አጠገቡ አስጠጋሁት። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ ተመልሼ ታጠብኩ። "አራተኛው ቀን ነው" አልኳት። "ሦስት ቀን ይቀራል። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ እመጣለሁ።"

"ቲቸር፣ ሥራ አለብሽ" አለችኝ።

"አሥር እርምጃ ነው" አልኳት።

ሦስቱን ቀን ሄድኩ፣ ልጁ ሲያየኝ ማልቀስ እስኪጀምር ድረስ። በመጨረሻው ቀን ማታ የተረፈውን ቅባት እሷ እያየች ከእጇ ወሰድኩና ወደ ፋርማሲ የሚሄደው ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ልታስቀረው ፈልጋ ነበር፣ ዓይኗ ተከትሎት ሄደ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቆርቆሮውን አመጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

ክዳኑን ከፈተች። ውስጡን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ውስጡን አየች።

"ባዶ ነው" አለች።

"ባዶ ነው" አልኳት።